ዘጠኝ ከተሞች በ15 ሌሊት

ከሆሣዕና ከተማ የደረሰን አንድ ደብዳቤ የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ይዞታል። ጸሐፊዋ ከ30 ዓመት በላይ ጂኦግራፊ አስተምረው በቅርቡ ጡረታ የወጡ እናት ናቸው። ልጃቸው በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ትኖራለች፤ እጃቸው ላይ ያደገችው የእህታቸው ልጅ ደግሞ በኢጣሊያ፣ በሮም። ልጃቸውን በዓይነ ሥጋ ካዩ 11 ዓመት ሆኗቸዋል። 5 ዓመት የሞላውን የልጅ ልጃቸውንም የሚያውቁት በስልክ ብቻ ነው። አሁን ዕቁባቸው ወጥቶላቸዋል፤ ልጃቸውም የአውሮፕላኑን ትኬት እችላለሁ ብላለች።

ከደብዳቤው ጋር በጥንቃቄ የተሠመረ ሠንጠረዥ ተያይዟል። ፍራንክፈርት፣ አምስተርዳም፣ ብራስልስ፣ ፓሪስ፣ ዙሪክ፣ ቪየና፣ ቬኒስ፣ ሚላኖ፣ ሮም። ሁሉም በባቡር፣ ሁሉም በ15 ሌሊት። ምክንያታቸውንም እንዲህ ሲሉ ገልጸዋል፦ «የእነዚህን ከተሞች ስም በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ዕድሜዬን ጨረስኩ፤ አንዱንም አላየሁም። ከራይን ወንዝና ከአልፕስ ተራራ በላይ ደግሞ የምመኘው የለኝም። ዕቅዴ ይሳካ ይሆን?»

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንበል። ይህ ምኞት የሚናቅ አይደለም። በአገራችን አንዲት እናት ወደ ውጭ አገር ስትጠራ፣ ብዙውን ጊዜ ልጅ ሲወለድ ለአራስ ገንፎ ልታገነፋ፣ ሕፃን ልታዝል ነው። ሦስት ወር ሙሉ ከማድ ቤት ወደ መኝታ ቤት ስትመላለስ ቆይታ፣ የሄደችበትን ከተማ መንገድ እንኳ ሳታውቅ የምትመለስ እናት ጥቂት አይደለችም። ስለዚህ «እኔም ለራሴ የማየው አለኝ» ብለው የተነሡትን መምህርት እናደንቃቸዋለን። ሆኖም ሠንጠረዡን እንደገና እንዲመለከቱት እንመክራለን።

ከተማን ሳይሆን ሌሊትን ይቁጠሩ

የጉዞ ዕቅድ የሚለካው በከተሞች ብዛት አይደለም። በየቤቱ በሚያድሩት ሌሊት ነው። በሠንጠረዡ ላይ ፍራንክፈርት 3 ሌሊት፣ ሮም 2 ሌሊት ደርሷቸዋል። የቀሩት 10 ሌሊቶች ዘመድ በሌለባቸው 7 ከተሞች፣ በሆቴል የሚታደርባቸው ናቸው። እንግዲህ 11 ዓመት የተጠበቀች ልጅና አያቱን አይቶ የማያውቅ ሕፃን 3 ሌሊት ብቻ አገኙ ማለት ነው። የመጀመሪያው የመንገድ ድካም፣ የመጨረሻው ዕቃ ማሰር ስለሆነ፣ የሚተርፈው አንድ ቀን ነው። ሕፃኑ አያቱን ገና ፈርቶ ከእናቱ ጀርባ ሲደበቅ ይለያያሉ።

ደግሞም ከ9 ከተማ 9 ከተማ ለመድረስ 8 ጊዜ ዕቃ ማሰርና መፍታት ይመጣል። የባቡሩ ጉዞ አራት ሰዓት ቢሆንም፣ ወደ ጣቢያ መሄዱ፣ መጠበቁ፣ ከወረዱ በኋላ ሆቴሉን መፈለጉ ቀኑን ይበላዋል። አንድ ሌሊት ብቻ የሚያድሩበት ከተማ፣ ጣቢያውንና አልጋውን አይተው የሚለቁት ከተማ ነው። «ሁለት ወዶ አይሆንም» ይላል ያገራችን ሰው።

ስለሆነም ለመምህርታችን ይህን እናቀርባለን፦ ፍራንክፈርት 8 ሌሊት፣ ሚላኖ 1 ሌሊት፣ ሮም 6 ሌሊት። በድምሩ 15። የአውሮፕላኑ ትኬት ሲገዛ መሄጃው በፍራንክፈርት፣ መመለሻው በሮም ይሁን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሁለቱም ከተሞች ስለሚበር፣ በባቡር ወደ ኋላ የሚመለሱበት ምክንያት አይኖርም።

«ራይኔና አልፕሴስ?» ይሉ ይሆናል። ሁለቱም አልተነኩም። ከፍራንክፈርት ወደ ኮሎኝ የሚወስዱ ሁለት የባቡር መስመሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 የተከፈተው ፈጣኑ መስመር ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ቢፈጅ ነው፤ ወንዙን ግን አያሳይም። በማይንትስና በኮብሌንዝ የሚያልፈው የቀድሞው መስመር ዝግ ያለ ነው፤ ነገር ግን የራይንን ዳር ተከትሎ፣ የወይን ተክል በለበሱ ኮረብታዎች ሥር ይሄዳል። ማለዳ በዘገምተኛው ሄደው፣ ከጣቢያው አጠገብ ያለውን ታላቁን የኮሎኝ ካቴድራል አይተው፣ በፈጣኑ ቢመለሱ ማታ ከልጅ ልጅዎ ጋር ራት ይበላሉ። ሕፃኑንም ይዘውት ቢሄዱ መልካም ነው።

አልፕስን ደግሞ ከፍራንክፈርት ወደ ሚላኖ ሲሄዱ በመስኮት ያገኙታል። በቀጥታ የሚሄድ ባቡር አለ፤ ባዝል ወይም ዙሪክ ላይ ተቀይሮ የሚሄድም አለ። ጉዞው ቀኑን አብዛኛውን የሚወስድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተከፈተውና 57 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የጎታርድ ዋሻ ውስጥ የሚታይ ነገር የለም። ከዋሻው በፊትና በኋላ ግን ተራሮቹና ሐይቆቹ በግራም በቀኝም ይመጣሉ። በሚላኖ አንድ ሌሊት ያደረግነው ለጉልበትዎ ስንል ነው። በማግሥቱ ፈጣኑ ባቡር በ3 ሰዓት ገደማ ሮም ያደርስዎታል፤ መንገዱም ከሆሣዕና አዲስ አበባ ካለው 230 ኪሎ ሜትር ከእጥፍ በላይ ነው።

ሮም ቴርሚኒ ጣቢያ ሲወርዱ ከደጃፉ ያለውን ሰፊ አደባባይ ልብ ይበሉ። ስሙ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ማለት ነው። በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር ለደመሰሳቸው የኢጣሊያ ወታደሮች መታሰቢያ ተብሎ የተሰየመ ነው። የአክሱም ሐውልትም በዚያው ከተማ ከ60 ዓመት በላይ ቆሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ አገሩ ተመልሷል። ይህን ለእህትዎ ልጅ ቢያስረዷት መምህርነትዎ በዚያም አይቀርም።

ቪዛው ከባቡሩ ይቀድማል

ከሆሣዕና፣ ከዱራሜ፣ ከሾኔና ከሺንሺቾ የሚሰደዱ ወጣቶች አብዛኞቹ ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደሚያመሩ ይታወቃል። በዚህም ምክንያት በየከተማው ደላላ አይጠፋም፤ ለአውሮፓም «እኔ አስጨርሳለሁ» የሚል ሊያጋጥምዎ ይችላል። የሐሰት ወረቀት አንድ ጊዜ ከተገኘ የዕቁብዎ ብር ብቻ ሳይሆን የወደፊት ዕድልዎም ይበላሻል። ሥርዓቱ ግልጽ ስለሆነ ደላላ አያስፈልግም።

ሸንገን የሚባለው ቪዛ በ29 የአውሮፓ አገሮች ያስገባል። ለአጭር ጊዜ ጉብኝት ሲሆን በማናቸውም 180 ቀናት ውስጥ ከ90 ቀን አይበልጥም። እንግሊዝ በዚህ ውስጥ ስለሌለች ለለንደን ሌላ ቪዛ ይጠየቃል። ማመልከቻው ከጉዞው በፊት ከ6 ወር ባልበለጠ፣ ከ15 ቀን ባላነሰ ጊዜ ይገባል። እስከ መጨረሻው ቀን መጠበቅ ግን አይበጅም። ፓስፖርቱ ከአውሮፓ ከሚወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል መሆን አለበት። የጉዞ የሕክምና መድን ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ሲሆን ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። አሻራ ለመስጠት አዲስ አበባ መምጣት ግድ ነው።

ማመልከቻው የሚገባው ዋናው የጉዞ መድረሻ ለሆነው አገር ነው። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ሠንጠረዥ ሌላ ችግር ነበረበት። ጋባዧ ልጅ ጀርመን ሆና ሳለ፣ ቬኒስ፣ ሚላኖና ሮም ሲደመሩ ግን ብዙው ሌሊት በኢጣሊያ ይውል ነበር። በአዲሱ ሠንጠረዥ ጀርመን 8፣ ኢጣሊያ 7 ስለሆነ ነገሩ ጠርቷል፤ ለጀርመን ያመለክታሉ። ልጅዎም በምትኖርበት ከተማ ለውጭ አገር ሰዎች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ቀርባ ወጪዎን እንደምትችል በሕግ የሚያስገድድ ሰነድ ትፈርም። እርስዎ ደግሞ የጡረታ ደብተርዎን፣ የቤትዎን ካርታና የባንክ ሒሳብዎን ይያዙ፤ እነዚህ ወደ አገርዎ እንደሚመለሱ ያስረዳሉ። ቪዛው ሳይመታ ገንዘቡ የማይመለስ ትኬት አይግዙ።

ባቡሩ ሰው እስኪሞላ አይጠብቅም

በሆሣዕና መናኸሪያ አውቶቡሱ የሚነሣው ሲሞላ ነው። በአውሮፓ ባቡሩ ባዶም ቢሆን በደቂቃው ይነሣል። ባቡሩ ራሱ አይዘገይም ማለት ግን አይደለም። በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ2024 ከ100 የረጅም ርቀት ባቡሮች በሰዓታቸው የደረሱት 62 ያህል ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ባቡር የሚቀይሩ ከሆነ በመካከሉ አንድ ሰዓት ይተዉ። አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ቢዘገይ ከዋጋው ሩቡን፣ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ቢዘገይ ግማሹን የማስመለስ መብት ስላለ ትኬቱን አይጣሉ።

ለውጭ አገር ጎብኚዎች የሚሸጥ፣ በብዙ አገሮች ባቡር የሚያስኬድ አንድ ወጥ ትኬት መኖሩን ጽፈውልናል። እውነት ነው፤ ዕድሜው 60 ለሞላ ሰውም 10 በመቶ ይቀነሳል። ሆኖም ትንሹ የ4 ቀን ጉዞ ነው፤ የእርስዎ የባቡር ቀናት 3 ብቻ ናቸው። በዚያ ላይ በኢጣሊያ ፈጣን ባቡሮች የመቀመጫ ዋጋ ለብቻው ይከፈላል። ስለዚህ ቪዛው እንደተገኘ ልጅዎ ሦስቱን ትኬት በየተራ አስቀድማ ብትገዛ ይሻላል። ዋጋው ቀኑ ሲቃረብ ይጨምራልና።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሰዓቱ ነው። በትኬቱ ላይ 14:05 ቢል 6 ይቀንሱ፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ5 ይሆናል። 19:45 ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ45 ነው። 00:20 ቢል ግን 6 ይደምሩ፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ20 ማለት ነው። በእነሱ አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ስለሆነ፣ የ12ኛው ቀን 00:20 ባቡር የሚነሣው እኛ የ11ኛው ቀን ሌሊት በምንለው ነው። በማግሥቱ ሌሊት ጣቢያ የሚደርስ ሰው ባቡሩ ካለፈ አንድ ቀን ሆኖታል። 05/07 ደግሞ እንደ እኛ ሰኔ 28 እንጂ መጋቢት 5 አይደለም።

በጣቢያው ውስጥ የሐዲዱን ቁጥር መፈለግ ነው። በጀርመን «ግላይስ»፣ በኢጣሊያ «ቢናሪዮ» ይሉታል። በትኬቱ ላይ የፉርጎውና የወንበሩ ቁጥር አለ። እነዚህን ሁሉ ከልጅዎ አድራሻና ስልክ ጋር በትልልቁ በወረቀት ጽፈው በኪስዎ ይያዙ፤ የስልክ ባትሪ ያልቃል። ፓስፖርትዎ ከሻንጣ ውስጥ አይግባ። ድንበር ሲያልፉ ባቡሩ ውስጥ ሊጠየቁ ይችላሉ።

ሻንጣ ተሸካሚ አያገኙም። ራስዎ አንሥተው ደረጃ የሚወጡበት አንድ ሻንጣ ይበቃል። ከሀዲያና ከከምባታ የሚነሣ እናት ባዶ እጇን እንደማትሄድ እናውቃለን። ነገር ግን የሥጋና የወተት ውጤት ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች በሻንጣ ይዞ መግባት ክልክል ነው። የተነጠረ ቅቤው፣ አይቡና ቋንጣው በአውሮፕላን ጣቢያ ይወሰድብዎታል። በርበሬና ሽሮ በዚህ ክልከላ ውስጥ አይገቡም።

በመጨረሻ በውጭ ለምትኖሩ ልጆች አንድ ቃል አለን። እናታችሁ ስትመጣ ልጅ የሚጠብቅ ሰው እንደተገኘ አትቁጠሩት። ከሥራችሁ ቢያንስ ሁለት ቀን ወስዳችሁ፣ እርሷ የመረጠችውን አሳዩአት። መምህርታችን የመረጡት ራይንን ነው።

እርስዎም መምህርት፣ ፓሪስና ቪየና ቀሩ ብለው አይዘኑ። የቀሩት ለሁለተኛው ጉዞ ነው፤ በሥርዓቱ ሄዶ በቀኑ የተመለሰ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ሲያመለክት የቀድሞው ጉዞ ይመሰክርለታል። የልጅ ልጅዎ ከእናቱ ጀርባ ወጥቶ እቅፍዎ ውስጥ የገባው በስንተኛው ቀን እንደሆነ ግን ሲመለሱ ይጻፉልን። ለሌሎች አያቶች ይጠቅማል።

መልካም መንገድ።