መጻሕፍቶቻችን ከየሣጥኑ ይውጡ



የዕድራችን ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ከሚቀመጥበት መጋዘን ጎን ያለችው፣ በሯ ወደ መንገድ የሚከፈተው ክፍል ከዚህ ወር ጀምሮ ባዶ መሆኗን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ለዚች ክፍል ሁለት ሐሳብ ቀርቧል። አንደኛው ለሱቅ ትከራይ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ አባላት የወደዱትን መጽሐፍ እያመጡ የሚዋዋሱባት፣ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰው በትርፍ ጊዜው የሚሠራውን ነገር ይዞ መጥቶ ለጎረቤቱ የሚያሳይባት ትሁን የሚል ነው። ውሳኔው የጠቅላላው ስብሰባ ነው። ይሁን እንጂ ጽሕፈት ቤታችን በየትኛው ወገን እንደቆመ አስቀድሞ በግልጽ መናገር ስላለበት ይህን ጽፈናል። እኛ ከሁለተኛው ጋር ነን።

ይህን ሐሳብ ያስነሣው የቆራሌው ጆንያ ነው። ባለፈው ክረምት ለብዙ ዓመት ልጆቻችንን ያስተማሩ አንድ ጡረተኛ መምህር ዐረፉ። ዕድራችን እንደ ደንቡ ቀበረ፣ ለቅሶ ተቀመጥን፣ ድንኳኑም ተነሣ። ከአርባቸው በኋላ ቤቱ ሊከራይ ዕቃ ሲወጣ መጻሕፍታቸው በኪሎ ተመዝነው ለቆራሌው ተሸጡ። ልጆቻቸውን ለመውቀስ አይደለም፤ ሁለቱ ያሉት ውጭ አገር ነው፣ እዚህ የቀረችውም ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሦስት ልጅ ታሳድጋለች፤ ታዲያ የት ታድርገው? ብቻ በሳምንቱ ከአስፋልቱ ዳር ኦቾሎኒ የገዛን ሰዎች መጠቅለያውን ስንፈታው የመምህሩን የእጅ ጽሕፈት አገኘንበት። ሰውየው ሲያነቡ ከገጹ ጠርዝ ላይ በእርሳስ "ይህ ልክ ነው" ወይም "እዚህ ላይ አልስማማም" እያሉ የመጻፍ ልማድ ነበራቸው። ከዚህ ሁሉ ቤት አንድ ሰው ተነሥቶ "እስቲ አንዱን ለማስታወሻ ልውሰድ" ያላለው መጽሐፍ ጠልቶ አይደለም። መምህሩ ምን ምን እንዳላቸውና የትኛውን እንደሚወዱ የሚያውቅ ስላልነበረ ነው። አሥር ጊዜ ቡና የጠጣንበት ቤት እኮ ነው!

መዋዋስ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የሐዲስ ዓለማየሁ "ፍቅር እስከ መቃብር" የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተረከው ጊዜ ራዲዮ ካለው ሰው ቤት ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰብ እንደነበር ታላላቆቻችን ሲያወሩ ሰምተናል። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ስለ ሰብለ ወንጌልና ስለ በዛብህ እንደ ቅርብ ዘመድ እያነሡ ያዝኑ ነበር። የበዓሉ ግርማ "ኦሮማይ"ም በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ሲሰበሰብ በሰው እጅ የቀረው ቅጂ በድብቅ ከቤት ቤት እየዞረ ተነበበ። ደራሲው በ1976 ዓ.ም. በየካቲት ወር ከቤት እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። ያን ጊዜ ያንን መጽሐፍ ለሰው ማዋስ ሊያሳስር ይችል ነበር፤ ሰው ግን አዋሰ። ዛሬ ማንም አይከለክለንም፣ አንዋዋስም።

ኋላም በየመንገዱ ዳር መጽሐፍ በቀን ሒሳብ የሚያከራዩ ልጆች እንደነበሩ የሚያስታውስ ያስታውሳል። መያዣ ሰጥተህ ትወስዳለህ፣ ካሳደርክ ሒሳቡ ይጨምራል። እኛ ከስድስተኛ ክፍል በላይ ያልዘለቅነው ሰዎች ማንበብ የለመድነው በነዚያ የኪራይ መጻሕፍት ነው። ለነገ መመለስ አለበት እየተባለ በኩራዝ ብርሃን የተነበበ መጽሐፍ እንዴት እንደሚጣፍጥ የቀመሰ ያውቀዋል።

ባለፉት ሁለት ወራት የወር መዋጮ ለመሰብሰብ ስንዞር ከደረሰኙ ጋር አንድ ጥያቄ ጨምረን ነበር፤ "ከቤትዎ ካለው መጽሐፍ የሚወዱት የትኛው ነው?" የሚል። አንዳንዱ ሳቀብን። አንዳንዱም ነገሩ ወደ ግብር የሚሄድ መስሎት "እኛ ቤት መጽሐፍ የሚባል የለም" አለ። የሚበልጠው ግን ወደ ጓዳ ገብቶ ይዞ ወጣ። "ፍቅር እስከ መቃብር" በብዙ ቤት አለ፤ ሽፋን ያለው ግን ጥቂት ነው። ማሞ ውድነህ የተረጎሟቸው የስለላ መጻሕፍት ከጎልማሶቹ አልጋ ሥር ተገኙ። ወጣቶቹ የይስማዕከ ወርቁን "ዴርቶጋዳ" ጠሩልን። የሲሳይ ንጉሡ "ሰመመን" ያላቸው አንድ ባልና ሚስት መጽሐፉ ከመጨረሻው ጥቂት ገጽ የጎደለው በመሆኑ እስከ ዛሬ ፍጻሜውን ሳይስማሙበት ይኖራሉ፤ ሙሉውን መጽሐፍ የያዘ ጎረቤት ከሦስት በር በኋላ መኖሩን የነገርናቸው እኛ ነን። አንድ አባት ደግሞ ያመጡልን ከግብርና ሠራተኞች የተሰጠቻቸውን ስለ ንብ እርባታ የተጻፈች ቀጭን ጥራዝ ነው። ቀፎ የላቸውም። በየዓመቱ ግን አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ያነቧታል። ምን ይደረግ፣ ሰው የሚወደውን አያውቁለትም።

ከሁሉ የቆየን ግን በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ የአንዲት እናታችን መልስ ነው። ያን ጊዜ የተማሩበትን የማንበቢያ መጽሐፍ በነጠላ ጠቅልለው ከሣጥን ሥር አስቀምጠውታል። "ልጄ፣ ይሄን እንኳ አላውስም። መጥቶ ማየት ለሚፈልግ ግን ቡና አፈላለሁ" አሉን። ይህም አንድ መንገድ ነው፤ መጽሐፉን ሊለይ የማይፈልግ ሰው ስሙንና የመጽሐፉን ስም ብቻ በመዝገቡ ያስገባ። እሳቸው እስከ ዛሬ በጣታቸው እየተከተሉ፣ ድምፃቸውን እያሰሙ ነው የሚያነቡት። ዓይናቸው ለደከመ አንድ ሁለት ጎረቤቶቻቸውም ሊያነቡላቸው ፈቃደኛ መሆናቸውን ነግረውናል።

ታዲያ መጽሐፍ ማምጣት ብቻውን አይበቃም። የምንለምነው ከመጽሐፉ ጋር አንዲት ቁራጭ ወረቀት ነው። በወረቀቷ ላይ ታሪኩን አትተርኩልን፤ ታሪኩን ከተረካችሁት ማን ይዋሰዋል? "ጥሩ መጽሐፍ ነው" ብላችሁም አትለፉት፤ ይሄ የሱቅ ማስታወቂያ ነው። የቱ ጋ ስትደርሱ ራት እንደረሳችሁ፣ በየትኛው ሰው እንደተናደዳችሁ፣ የትኛውን ገጽ ሁለት ጊዜ እንዳነበባችሁት ጻፉ። መምህሩ ከጠርዙ ላይ የጻፉት እኮ እንዲህ ያለውን ነበር። መጻፍ የሚከብደው ሰው ለጽሕፈት ቤታችን በቃል ይንገር፣ እንጽፍለታለን። የማይስማማ አንባቢ ከሥሩ የራሱን ይጨምር። ስድብ ግን አይፈቀድም፤ ስድብ ያለበትን ወረቀት እናነሣዋለን።

የትርፍ ጊዜ ሥራን በሚመለከት ብዙ ማለት አያስፈልገንም፤ ሰፈራችን ሙሉ ነው። ዳንቴልና ጥልፍ የሚሠሩ እህቶች አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሹራብ የሚሠሩም አሉ። በቆርኪ ዳማ የሚጫወቱት ጎልማሶች ከዘበኛው ቤት ጥግ ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀባቸው ነው፤ ጠረጴዛ ቢያገኙ ጭቅጭቃቸው ይቀንሳል ብለን ተስፋ እናደርጋለን (ብዙም አንተማመንም)። ገበጣ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ደግሞ ከልጆቹ አንድ እንኳ ተማሪ አላገኙም። ሌላም አለ። አንድ አባላችን ከግቢያቸው አንዲት ቆርቆሮ አስቀምጠው የየዕለቱን ዝናብ በማስመሪያ እየለኩ ለብዙ ዓመት በደብተር ሲመዘግቡ ኖረዋል። ማንም አላዘዛቸውም፣ ማንም አልከፈላቸውም። ሚስታቸው እንኳ "ዝናቡን ቆጥሮ ምን ያደርግለታል?" ይላሉ። ዘንድሮ ግን የታችኛው መንገድ ቱቦ ሞልቶ ውኃ ወደ ቤት በገባ ጊዜ ለወረዳው ባስገባነው ማመልከቻ ላይ የትኛው ቀን ምን ያህል እንደዘነበ የጻፍነው ከዚያ ደብተር ቀድተን ነው። እንዲህ ያለ ደብተር ስንት ቤት እንዳለ ማን ያውቃል?

አሁን ወደ ተቃውሞው እንምጣ። ያለ ምክንያት የተቃወመ ስለሌለ የእያንዳንዱን ሐሳብ በአክብሮት ሰምተናል።

"ቤተ መጻሕፍት ሞልቶ የለም ወይ?" ተብሏል። ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ አብርሆትም በ2014 ዓ.ም. ተከፍቷል። ተማሪዎቻችን ይሂዱ፣ እኛም ሂዱ እንላለን። ነገር ግን ከገበያ መልስ ዘንቢል የያዘች እናት ለአንድ መጽሐፍ ብላ ታክሲ ተጋፍታ አራት ኪሎ አትወጣም። ደግሞም የቱንም ያህል ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ቢሆን ከጎንህ ያለው ጎረቤትህ የትኛውን መጽሐፍ ሲያነብ እንዳለቀሰ አይነግርህም።

"ልጆቹ በስልክ ያነባሉ" የሚለውም እውነት ነው። ያንብቡ። ብቻ በስልክ የሚዞረው ብዙው መጽሐፍ ያለ ደራሲው ፈቃድ ፎቶ እየተነሣ የተበተነ መሆኑን ሳንናገር አናልፍም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲን ከዚህ የሚጠብቅ ሕግ ነው። አንድ የታተመ መጽሐፍ ለጎረቤት ማዋስ ሌላ፣ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቶ ለሺህ ሰው መበተን ሌላ። ከክፍላችን የተዋሰ መጽሐፍ ፎቶ ሊነሣ አይገባውም።

"የተዋሰ አይመልስም" የሚለው ሥጋት የሁላችንም ነው። መዝገብ ይኖራል፤ አንድ ሰው አንድ መጽሐፍ ለ15 ቀን ይወስዳል፣ ካልመለሰ ሌላ አይሰጠውም፣ ከጠፋበትም መጽሐፉን ራሱን ፈልጎ ይተካል እንጂ በብር አይሂድ። እንዲህም ሆኖ የሚጠፋ አይጠፋም አንልም። እንዳይጠፋብኝ ብሎ ሰው የሳሳለትን መጽሐፍ አታምጡ። ሁለተኛ የምትወዱትን አምጡ።

ከባዱ የገንዘቡ ነገር ነው። ክፍሏ ብትከራይ የአሥር ወር ኪራይ አዲስ ድንኳን ይገዛል ይባላል። ድንኳናችን ማርጀቱንና በክረምት ማንጠባጠቡን እኛም ቆመን አይተናል፤ ለቀስተኛ ላይ ሲንጠባጠብ ማፈራችን አልቀረም። መጽሐፍ ድንኳን አይገዛም፤ ይገዛል ብለን ለማታለል አንሞክርም። የምንለው እንዲህ ነው። ክፍሏ ለስድስት ወር ለመጻሕፍቱ ትሰጥ። በነዚሁ ስድስት ወራት ወንበርና ድስት ለሠርግ ስናከራይ ከምናገኘው ገቢ ለድንኳኑ ብቻ የሚውል ሒሳብ ለይተን እናስቀምጥ። ስድስት ወሩ ሲያልቅ መዝገቡ ይመርመር። ስንት ሰው ተዋሰ፣ ስንት መጽሐፍ ገባ፣ ቅዳሜና እሑድ ስንት ሰው ተገኘ? ክፍሏ ባዶዋን ስትከፈትና ስትዘጋ የከረመች ከሆነ ይህን የጻፍነው እኛው ቁልፉን ለተከራዩ እናስረክባለን።

ሱቅ ይከፈት የሚሉትን አባሎቻችንን አንድ ነገር እንጠይቃቸው። ከዚሁ መንገድ ዳር ስኳርና ሳሙና የሚሸጥ ስንት ሱቅ አለ? እኛ እስከ ታክሲ ተራው ድረስ ዘጠኝ ቆጥረናል።

ስብሰባው በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያው እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት በተለመደው ቦታ ይደረጋል። በውክልና ድምፅ መስጠት አይቻልም፤ ሁሉም ራሱ ይገኝ። እስከዚያው መጽሐፍ ለማስመዝገብ የሚፈልግ አባል መዝገቡን ዘበኛው ዘንድ ያገኘዋል፤ እስክሪብቶው ግን ሁለት ጊዜ ስለጠፋ ይዛችሁ ኑ። መደርደሪያውን ያለ ዋጋ የሚሠራልን አናጢ ከአባሎቻችን መካከል ተገኝቷል። የጎደለው ጣውላ ነው። ከቤት እድሳት የተረፈ ጣውላ ወይም የማይፈልገው አሮጌ ቁም ሣጥን ያለው ሰው ቢነግረን መጥተን እንወስዳለን።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት