ከቃሊቲ እስከ አዳማ ስንት መንግሥት አለ?

ቃሊቲ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ወኅኒ ቤቱ ነው የሚሮጠው። የእኛ ሙያ ሰዎችም ቃሊቲን በደንብ ያወቁት በዚያው በር ገብተው ነው። ዛሬ የማነሳው ግን ሌላውን ቃሊቲ ነው፤ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቆሞ የሚውለውን። ከጉምሩኩ አጥር አንስቶ ወደ ቱሉ ዲምቱ ሲወረድ ተሳቢው፣ ገልባጩ፣ አይሱዙው አፍንጫውን ወደ አዳማ አዙሮ ተራውን ይጠብቃል። ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ ያንቀላፋል፣ ረዳቱ ጥላ ፍለጋ ከመኪናው ሥር ይገባል።

ሰሞኑን እዚያ ካሉት ሻይ ቤቶች በአንዱ ከሹፌሮች ጋር ተቀምጬ ነበር። ስለ ነዳጅ ወረፋና ስለ ጎማ ዋጋ ያማርራሉ ብዬ ስጠብቅ፣ አንዱ ከደረት ኪሱ እፍኝ ሙሉ ብጣሽ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈልኝ። በአንድ ምልልስ የከፈለባቸው ናቸው። አንዳንዱ ማኅተም አለው፤ አንዳንዱ ፊርማ ብቻ፤ አንዱ ላይ ደግሞ «ኮቴ» ከሚል ቃልና ከብሩ ቁጥር በቀር ምንም የለም። ወረቀት ያልተሰጠበትንማ ተወው አለኝ፤ እሱን የሚያውቀው እግዜር ነው።

ኮቴ! ቃሉ ከከብት እግር የመጣ ነው። ከብት ነድቶ ገበያ የገባ ሰው ቢከፍል ያባት ነው እንበል፤ ገበያው በረት አለው፣ ውኃ አለው። ግን ባለ 22 ጎማ ተሳቢ፣ ያውም ሳይቆም የሚያልፍ፣ ኮቴው የት ላይ ነው?

መንገዱን አስቡት። ከቃሊቲ ወጥቶ ገላን፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ። አምስቱም በአንድ ክልል ውስጥ ናቸው። ከገላን ሲሚንቶ ወይም ብረት ጭኖ አዳማ የሚያራግፍ ሹፌር የክልል ድንበር አልተሻገረም፣ የጉምሩክ ዕቃም አልያዘም። ግን ሹፌሮቹ እንደሚሉት ገመድ በተዘረጋበት ሁሉ እንደ ባዕድ አገር ሰው ይጠየቃል። አንዱን ከተማ ነጥዬ ለመክሰስ አይደለም፤ የአንድ መንገድና የአንድ ክልል ብቻ ጉዳይም አይደለም።

«ክልሉ በራሱ ግዛት ውስጥ ቢያስከፍል ምን አገባህ?» የሚለኝ አይጠፋም። እስቲ ሕጉን እንየው። ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 በክልሎች መካከል የሚደረገውን ንግድ የሚቆጣጠረው የፌዴራሉ መንግሥት ነው ይላል። ገላንና አዳማ በአንድ ክልል ስለሆኑ ይኸኛው አይመለከታቸውም፤ እሺ። ነገር ግን እዚያው አንቀጽ ላይ ሁለትና ከዚያ በላይ ክልሎችን የሚያገናኙ ዋና ዋና መንገዶችም የፌዴራሉ ናቸው ተብሏል። የጅቡቲው መንገድ ከዚህ የበለጠ ምን ይሁን? አንቀጽ 97 ደግሞ ክልሎች ለሚሰጡት ፈቃድና አገልግሎት ክፍያ እንዲሰበስቡ ይፈቅዳል። አንቀጽ 100 ግን የሁሉንም እጅ ይይዛል፤ የሚጣለው ግብር ከሚሰጠው አገልግሎት ጋር መመጣጠን አለበት ይላል፣ ለፌዴራሉም ለክልሉም። በገመድ ሥር ማለፍ ምን ዓይነት አገልግሎት ነው?

አድሎ እንዳይሆንብኝ፣ ክልሉ መብት ያለበትም ቦታ አለ። አሸዋና ድንጋይ የሚወጣው ከመሬቱ ነው፤ ከሚያወጣው ሰው ድርሻውን ቢቀበል ተገቢ ነው። ነገር ግን ጉድጓዱ አፍ ላይ የተከፈለበት አሸዋ በየከተማው መግቢያ እንደገና አሸዋ የሚሆነው በምን ተአምር ነው?

ባለመኪናው ደግሞ ከመነሳቱ በፊት ያልከፈለው ነገር የለም። የንግድ ፈቃድ ያሳድሳል፤ መኪናውን አስመርምሮ ቦሎ ይለጥፋል፤ የሦስተኛ ወገን መድን ይገባል፤ የገቢ ግብሩን ይከፍላል። መንገዱን ተጠቅመሃልና ክፈል እንዳይባል፣ በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ ሲቋቋም ለጥገና የሚሆነው ገንዘብ ከነዳጁ ላይ በሊትር እንዲቆረጥ ተደርጓል። ጥቁር ጭስ ሲያወጣ እንኳ እየከፈለ ነው!

እንበልና 100 ኩንታል የጫነ መኪና በአምስት ቦታ 500፣ 500 ብር ከፈለ። 2,500 ብር ሆነ፤ በኩንታል 25 ብር። ይኼ ብቻ ቢሆን በቻልነው። ዋናው ጊዜው ነው። በየገመዱ አንድ አንድ ሰዓት የቆመ መኪና በቀን ሊመላለስ የነበረውን በሁለት ቀን ያደርገዋል። የሹፌሩ አበል፣ የረዳቱ ምግብ፣ የባንክ ዕዳው ወለድ ይቆጥራል። ባለመኪናው ከነጋዴው ላይ ያነሳል፣ ነጋዴው ከባለሱቁ፣ ባለሱቁ ከእኔና ከአንተ። የመጨረሻው ከፋይ መንጃ ፈቃድ የለውም፤ ዘንቢል ነው የያዘው።

በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጤፍ የማይቀመስ በሆነ ጊዜ በየመንገዱ የቆሙት ኬላዎች አንዱ ምክንያት መሆናቸውን የመንግሥት ሰዎችም ሳይቀሩ ተናግረዋል። ሕገወጥ ኬላ ተነሳ ሲባልም በሬዲዮ ሰምተናል። ኬላ ግን እንደ እንጉዳይ ነው፤ ማታ ተነቅሎ ጧት ይበቅላል።

ታሪካችን ይህንን ያውቀዋል። በነጋድራሶች ዘመን ሲራራ ነጋዴ በየኬላው በቅሎውን አራግፎ ይቀረጥ ነበር። ደርግም በየመንገዱ ኬላ አቁሞ እህል ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር እንዳይዘዋወር አድርጎ ነበር፤ ያ የተነሳው በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው። ደርግን በስንት ነገር የምንረግመው ሰዎች በዚህኛው እንኳ ልንበልጠው አልቻልንም። በ2011 ዓ.ም. ምክር ቤታችን የአፍሪካን ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነት አጽድቋል። ለካይሮና ለናይሮቢ ዕቃ በራችንን ልንከፍት፤ ለገላን ሲሚንቶ ግን ገመድ!

ሹፌሮቹ ክፍያ አይወዱም እንዳይባል የፍጥነት መንገዱን ተመልከቱ። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ከቱሉ ዲምቱ አዳማ ድረስ ያስከፍላል። ማንም አይከራከርም። ታሪፉ ይታወቃል፣ ደረሰኝ ይሰጣል፣ መንገዱም መንገድ ነው። ከሻይ ቤቱ ሰዎች አንዱም ስለ እሱ አላማረረም።

ገመዱን ይዘው ፀሐይ ላይ የሚውሉት ልጆች ጠላቶቼ አይደሉም። ሥራ አጥተው የተሰጣቸውን ገመድ የያዙ ናቸው። ጥያቄዬ ለላኪዎቻቸው ነው። ወረቀቱን ማን አሳተመው? ገንዘቡ በየትኛው በጀት ውስጥ ገባ? የትኛው ምክር ቤት አጸደቀው? መልስ ካለ እያንዳንዱ ኬላ የአዋጁን ወይም የደንቡን ቁጥር፣ የክፍያውን መጠንና አቤት የሚባልበትን ስልክ በትልቁ ጽፎ ምሰሶው ላይ ይስቀል። ይህ የሌለበት ገመድ በዚያው ዕለት ይጠቅለል። ወጪው አንድ ቆርቆሮና አንድ ጣሳ ቀለም ነው፤ ሹፌሮቹ አዋጥተን እንግዛላቸው ብለዋል።