ማሽኑን ከመመኘት መንገዱን ማስከበር

ሰሞኑን በየመኝታ ክፍላችን አንድ ወሬ ይሰማል። «ተመርቀን ደመወዝ ስንይዝ የመሮጫ ማሽን ገዝተን እቤታችን እንሮጣለን» የሚል ነው። መቼም ምኞት አይከለከልም። ሆኖም ነገሩን ከሥሩ መመርመር ይገባል እንላለን።

በመጀመሪያ፣ ማሽኑ ጥቅም የለውም ማለታችን አይደለም። ሐኪም በልክ ተራመድ ያለው በሽተኛ ፍጥነቱን ቆጥሮ ለመራመድ ይረዳዋል። በእኛ በካፋም ዝናቡ የዓመቱን አብዛኛውን ወር ስለሚይዝ፣ ጭቃው ጫማ ሲያስወልቅ «ምነው ጣራ ሥር በሮጥኩ» ማለት ያለ ነው።

ነገር ግን ማሽኑ የጎማ ምንጣፉን ከእግር ሥር የሚጎትተው በኤሌክትሪክ ሞተር ነው። መብራት ሲጠፋ ሩጫውም ይጠፋል። ሲበላሽስ ገጠር ለተመደበ መምህር ጠጋኙ የት አለ? ደግሞም የነፋስ ግፊት ስለሌለበት፣ የሜዳውን ሩጫ እንዲመስል 1 በመቶ ያህል ሽቅብ እንዲያዘነብሉት ይመከራል። ቦንጋ ዳገቱን በነጻ ትሰጠን የለም እንዴ! በስንቱ ቤት ደግሞ ጥቂት ሳምንት ተሮጦበት ልብስ ማስጫ ሆኖ ቀርቷል። ሰውን ከአልጋ የሚያስነሳው ልማድ እንጂ ሞተር አይደለም።

አሁን እውነቱን እንነጋገር። ማሽኑን አጥብቀው የሚመኙት ሴት እጩ መምህራን ናቸው። ለምን ቢባል፣ ማለዳ ቱታ ለብሰው መንገድ ሲወጡ የሚወረወርባቸው ቃል ነው። «ማን አባረራት?» ይላል አንዱ። ሌላው ያፏጫል። የቀረነው እንስቃለን፣ ወይም ዝም እንላለን። እንዲህ ከሆነ ማሽኑ መሮጫ ሳይሆን መደበቂያ ነው ማለት ነው።

ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር፣ ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ በማራቶን የኦሎምፒክ ወርቅ አጥልቀዋል። ሁለቱም የአርሲ ልጆች ናቸው። የአገር ዳገትና ሜዳ ያፈራቸውን ጀግኖች በቴሌቪዥን እያየን እናጨበጭባለን፤ በራችን ላይ የምትሮጠውን እህታችንን ግን እናሳቅቃለን። ይህ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ነው።

ነገ በየገጠሩ ትምህርት ቤት ስንመደብ፣ የ4ኛ ክፍሏ ልጅ የምታየው እኛን ነው። መምህርቷ በር ዘግታ የምትሮጥ ከሆነ፣ ልጅቷ መንገዱ የእሷ አለመሆኑን ትማራለች። ይህ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያልተጻፈ ትምህርት ነው፤ ግን ቶሎ ይያዛል።

ታዲያ ምን ይሻላል? የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 75 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ፣ ወይም 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። 75ቱ ለ3 ቀን ሲካፈል 25 ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ በሳምንት 3 ማለዳ፣ ከትምህርት በፊት፣ ወንድና ሴት ሆነን በቡድን ከግቢው እንውጣ። ዝናብ ሲበረታ በረንዳ ላይ ገመድ እንዝለል። ወንዶች ደግሞ ጓደኛችን ሲሳደብ «ተው!» እንበለው። ይህ ገንዘብም መብራትም አይጠይቅም።

ማሽን መግዛት የቻለ ይግዛ። መንገዱ ግን የሁላችንም ነው። እህቶቻችን ሳይሳቀቁ የሚሮጡበት እናድርገው!