ሳይያዙ በፊት

እህቶቼ፣ ሱስ ሲባል የሚታየን መጠጥና ጫት ብቻ ነው። እኔ ዛሬ የማነሳው ግን ትራማዶልና ሊሪካን ነው። "ለወገብሽ ጥሩ ነው፣ እንቅልፍም ይሰጥሻል" ብላ አንዷ ለአንዷ ታቀብላለች። ቀኑን ሙሉ ቆማ ለምትውል ሴት አንዲት ፍሬ ምን ታደርጋለች? ከዚያ ሁለት ትሆናለች፤ ከዚያ ያለሷ መነሳት ያቅታል። ስትተወው ላብ፣ ቁርጥማት፣ እንቅልፍ ማጣት። ይሄ በሽታ ነው፣ ብልግና አይደለም። ያለ ሐኪም ማዘዣ ቦርሳ ውስጥ ከተገኘ ግን እዚህ አገር ያሳስራል፤ ጫትም እንደዚያው።

ብዙዎቻችን ያልሰማነው ሕጉ ራሱ በር መተዉን ነው። የ2021ዱ የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ ቁጥር 30፣ ሳትያዝ በፊት በፈቃዷ ልታከም ብላ የሄደችን ተጠቃሚ አይከስም። በእጇ ያለውን ታስረክባለች፣ ሐኪሞቹ ውጪ እስኪሏት ትቆያለች። ዱባይ ውስጥ ኢራዳ የሚባል የሱስ ማከሚያ ማዕከል አለ።

ታዲያ ለምን አንሄድም? ፓስፖርቱ መዳም ጋ ነው፣ የእረፍት ቀን የለም። ከሁሉ የባሰው ግን የራሳችን ሐሜት ነው። መሃላችን ሴት የምትወድ እህት አለች፤ የሷ ፍርሃት እጥፍ ነው። ሐኪሙ "ከማን ጋር ነው የምትኖሪው?" ቢላት ምን ትመልስ? የአገራችን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ይቀጣታል፣ እዚህም ያስፈራታል። ስለዚህ አጅማን ባለች ክፍሏ ተሸፋፍና ትተኛለች። በኑሮዋ የማትስማሙ ትኖራላችሁ፣ ይሁን። ግን ራሷን ስታ ብትወድቅ መጀመሪያ 998 ደውሉ፤ አምቡላንስ ነው። ምን እንደዋጠች ለሐኪሙ ንገሩት፤ ማንን እንደምትወድ ግን እሱ ካልጠየቀ እናንተ ምን አገባችሁ?