ለአደን መንገድ የሚሆን መኪና ስለ መምረጥ

ባለፈው ሳምንት በዚህ ገጽ ስለ ክረምት ስንቅ አያያዝ ጽፈን ነበር። ያንን ያነበቡ፥ በወለጋ በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉ አንድ ሰው፥ «ወደ ቆላ ለአደን የሚያወርደኝ መኪና ልገዛ አስቤአለሁና የትኛው ይሻላል?» ሲሉ ጠየቁን። ይህ ጥያቄ ለቤተ ሰብ ገጽ አይገባም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን መኪናው የሚገዛው ከቤት ገንዘብ ነው፤ በላዩ ተቀምጦ ወደ ዱር የሚወርደው አባት ወይም ልጅ ነው፤ ማታ በደጅ ቆማ የሞተሩን ድምፅ የምትጠባበቀውም የቤት እመቤት ናት። ስለዚህ ነገሩ የቤተ ሰብ ነገር ነው።

አባቶቻችን ወደ አደን የሚወጡት በበቅሎ ነበረ። በነቀምቴ በደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ዘመን የነበሩ አዳኞች በቅሎ ሲገዙ ጥርሷን ያያሉ፥ ሰኮናዋን ያነሣሉ፥ ጀርባዋን ይዳስሳሉ እንጂ ስለ ኮርቻዋ ጌጥ ገንዘብ አይጨምሩም ነበረ። በዴዴሳ ቆላ ግን ደኅና በቅሎም አትበረክትም። በዚያ የሚገኘው ፄፄ የሚባለው ዝንብ ገንዲ የሚሉትን በሽታ ያስተላልፋልና፥ በቅሎም ፈረስም በሬም እየከሳ ይሞታል። እንግዲህ በዚያ አገር መኪና የበቅሎ ምትክ ነውና፥ አመራረጡም እንደ በቅሎ አመራረጥ በጥንቃቄ ሊሆን ይገባል።

ይህን የምጽፈው ስሕተቴን በዓይኔ ካየሁ በኋላ ነው። በ2006 ዓ.ም. በጥር ወር አንድ ወዳጄ የአደን ፈቃድ አውጥቶ ወደ ዴዴሳ ቆላ ሲወርድ፥ እኔና የ13 ዓመቱ የእኅቴ ልጅ አብረን ወረድን። መኪናው ወንበሩ የለሰለሰ፥ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ ነበረ፤ ከመሬት ያለው ከፍታ ግን ለከተማ አስፋልት የተመጠነ ነበረ። በፍርድ ቤት ጸሐፊነቴ ውል መጻፍ ስለማውቅ የሽያጩን ውል የጻፍሁለት፥ «እንዲህ ያለ መኪና ነቀምቴ ገብቶ አያውቅም» ብዬ ያመሰገንሁለትም እኔ ነኝ።

በዚያ ወራት ረጅሙ የቆላ ሣር ተቃጥሎ ጉቶው ከአመዱ በታች ተሸሽጎ ነበረ። ከመንገድ ወጥተን ጥቂት እንደ ሄድን አንድ ጉቶ የሞተሩን የዘይት ማጠራቀሚያ ከሥሩ ቀደደው። ዘይቱ ፈስሶ ማለቁን ሳናውቅ ስንነዳ ሞተሩ ተጣብቆ ቆመ። ይህ ብቻ ቢሆን ጉዳቱ የገንዘብ ነበረ። ማታ ግን ልጁ ውሃ ሊቀዳ ወደ ፈፋ ሲወርድ ተንሸራትቶ ወደቀና የቀኝ እግሩ ተሰበረ። የአገሩ ገበሬዎች፥ እግዚአብሔር ይስጣቸው፥ ከእንጨት ቃሬዛ ሠርተው ሌሊቱን ሙሉ ተሸክመው ከዋናው መንገድ አደረሱን። ከሐኪም ዘንድ የደረስነው በማግሥቱ ቀትር ላይ ነበረ።

ቃሬዛውን ከተሸከሙት መካከል በልጅነታቸው ጎሽ ያደኑ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። መንገድ ላይ ዕረፍት ስናደርግ ኀፍረቴን ልሸፍን ብዬ፥ «አባቴ፥ መኪናው እኮ አዲስ ነበረ» አልኋቸው። እርሳቸውም፥ «ልጄ፥ የሚያመጣህንማ አግኝተህ ነበረ፤ የሚመልስህን ነው ያልመረጥኸው» አሉኝ።

ልጁ ዳነ፤ ሆኖም እስከ ዛሬ ሲሄድ ያነክሳል። እርሱም እናቱም አንድ ቀን አልወቀሱኝም። እኔ ግን የእርምጃውን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ያችን የውል ወረቀት አስባታለሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ መኪና የሚጠይቀኝን ሁሉ በሽማግሌው ቃል እመክራለሁ።

እንግዲህ የሚመልሰው መኪና የትኛው ነው? መጀመሪያ፥ መኪናውን ከማየት በፊት የሚጠግነውን እጅ ማየት ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከነቀምቴ እስከ ጊምቢ ደግሞ 110 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ መለዋወጫው የማይገኝለት መኪና ቢሰበር እንደ ሞተች በቅሎ ይቈጠራል። ስለዚህ ገዢው በነቀምቴ፥ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ ያሉትን መካኒኮች፥ «ባሌስትራውን፥ ፍሪሲዮኑን፥ ካምቢዮውን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የምትፈቱት የትኛውን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። በዚህ ረገድ የቶዮታ ላንድ ክሩዘር ብዙ ይመሰገናል። ሠሪው 70 የሚባለውን ዓይነት በአውሮጳ አቆጣጠር ከ1984 ጀምሮ ሲያወጣ ኖሮ እስከ ዛሬ አልተወውም። ላንድሮቨርም በ1948 በአምስተርዳም ከታየ ጀምሮ ገላው ከአሉሚንዮም ስለ ተሠራ እንደ ብረት አይዝግም፤ ነገር ግን የቀድሞው ዓይነት መሠራቱ በጥር 2008 ዓ.ም. ስለ ቆመ፥ የሚገዛው ሰው መለዋወጫውን አስቀድሞ ያስብ።

ሁለተኛ፥ ኃይሉን ከፍጥነቱ ሳይሆን ከማርሹ መመርመር ነው። ለዱር የሚሆን መኪና አራቱም ጎማዎቹ ከሞተሩ ኃይል የሚቀበሉ፥ ደግሞም ከተለመደው ማርሽ ሌላ ዝቅ ያለ ማርሽ ያለው ሊሆን ይገባል። በዚህ ማርሽ ሞተሩ ብዙ ጊዜ ሲዞር ጎማው በዝግታ ይዞራልና ጉልበቱ ይበዛል። ጥቅሙም ለአቀበት ብቻ አይደለም። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ይበልጣል፤ ከዚያ ወደ ዴዴሳ ድልድይ ሲወረድ ቁልቁለቱ ከ700 ሜትር አያንስም። ይህን ሁሉ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ግሎ ሲደክም ያገኘዋል። በዝቅተኛ ማርሽ የሚወርድ ግን ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዝለታል። ከሥሩም ያለውን ከፍታ ተንበርክኮ ይመልከት፤ የዘይት ማጠራቀሚያው የብረት መከላከያ ከሌለው ያሠራለት።

ሦስተኛ፥ ስለ ውሃና ስለ ጭቃ ነው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ ስለሌለው እርጥበት ቶሎ አያጠፋውም፤ የቤንዚን ሞተር ግን እሳቱ በእርጥበት ሊጠፋ ይችላል። ሆኖም ውሃ በአየር መሳቢያው ከገባ የናፍጣውም ይሰበራል፤ አየር ይታመቃል፥ ውሃ ግን አይታመቅምና። ስለዚህ አየር መሳቢያው ከፍ ያለውን መምረጥ፥ ጥልቀቱ የማይታወቀውን ወንዝም መተው ይሻላል። በዴዴሳ ጉማሬና አዞ ስላለ ጥልቀቱን በእግር ገብቶ መለካት አይቻልም። ለጭቃው ሁለት ትርፍ ጎማ፥ የጎማ መንፊያ፥ ክሪክ፥ ከክሪኩም በታች የሚነጠፍ ወፍራም ሳንቃ ይያዝ። ሳንቃ የሌለው ክሪክ በረግረግ ምድር ራሱን ይቀብራል እንጂ መኪናውን አያነሣም።

በኤሌክትሪክ ስለሚሠራው መኪና ለሚጠይቁን፥ ለከተማ መንገድ መልካም ነው እንላለን፤ ኤሌክትሪክ በሌለበት ቆላ ግን በጀሪካን ሊቀዳለት አይቻልም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ወሰነ፥ የናፍጣ መኪና የሚሻ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በአገር ውስጥ ያገለገለውን ይፈልጋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄው ይበዛል። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች እንደ ተባለ፥ ሻጭም የፋብሪካውን ስም እያመሰገነ መኪናው የት እንደ ደከመ አይናገርም። ገዢው ሻንሲው ተሰብሮ የተበየደ እንዳይሆን ከሥሩ ገብቶ ይይ። በሻንሲው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከሊብሬው ጋራ ያስተያይ። መኪናው በባንክ ዕዳ የተያዘ ወይም በፍርድ ቤት የታገደ አለመሆኑንም መዝገቡ ካለበት መሥሪያ ቤት ሳያረጋግጥ ገንዘብ አይቍጠር።

ደግሞም ከባለቤቱ ጋራ ይማከር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ ከ500 ብር በላይ መበደር የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት እንዲሻ ደንግጓል፤ የኦሮሚያ ክልልም የራሱ የቤተ ሰብ ሕግ አለው። ነገር ግን ሕጉ ባያዝም፥ ለአደን የተገዛው መኪና በሌሊት ምጥ የያዛትን ሴት ወይም የታመመውን ሕፃን ወደ ሐኪም የሚያደርስ ነውና፥ የቤት እመቤቲቱ በምርጫው ድምፅ ሊኖራት ይገባል። ወንዱ የጠመንጃውን ቦታ ሲለካ፥ እርስዋ የተኛ ሕመምተኛ የሚዘረጋበትን ቦታ ትለካለች።

በመጨረሻ፥ መልካም መኪና ያገኘ ሰው ሁሉ የተፈቀደለት አይምሰለው። የመጀመሪያው አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ገባ፤ የመጀመሪያው የአደን ደንብም በዚያው ንጉሠ ነገሥት፥ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1909 ወጣ። ጉልበቱና ልጓሙ በአንድ ዘመን መጡ ማለት ነው። ዛሬም የዱር አራዊት ጉዳይ በአዋጅ ይገዛልና፥ ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው። ፈቃድ ያለውም ቢሆን፥ በወለጋ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በብዙ ስፍራ ጸጥታ የታወከበት ጊዜ ስለ ነበረ፥ የመንገዱን ሰላም ከአገሩ ሹማምንትና ከሽማግሌዎች ሳይጠይቅ አይነሣ። መንገዱ ሰላም ካልሆነ ሚዳቋዋ ለሌላ ዓመት ትቈይ። ከደረሰም በኋላ መኪናውን ከመንገዱ ዳር አቁሞ በእግሩ ይሂድ፤ በመኪና እያሳደዱ መተኰስ የአዳኝ ወግ አይደለም።

የጠየቁን ወዳጃችን እንግዲህ ከሻጩ ደጅ ሲቆሙ አስቀድመው ያንን የሽማግሌውን ቃል ያስቡ። መኪናው ወደ ዴዴሳ እንዲወርድ ሻጩ ይምልላቸዋል፤ ከዚያ የሚመልሳቸው መሆኑን ግን ራሳቸው ተንበርክከው ይመርምሩ። እግዚአብሔር መውጣታቸውንም መግባታቸውንም ይጠብቅላቸው።