ነጻ የምንጭ ኮድ እና ተከፋይ ባለሙያ፦ የሕዝብ አገልግሎት ሶፍትዌር ወጪ በማን ይሸፈናል?

የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ሥርዓት የተመሠረተው ሞሲፕ በተሰኘ ክፍት ምንጭ መድረክ ላይ ነው። የመድረኩ የምንጭ ኮድ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ፣ ማንኛውም አገር የፈቃድ ክፍያ ሳይጠየቅ ሊወስደው፣ ሊመረምረውና ከራሱ ሕግና ቋንቋ ጋር ሊያጣጥመው ይችላል። ይህ ማለት ግን ሶፍትዌሩ ያለ ወጪ ተሠራ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በህንድ ባንጋሎር በሚገኝ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም የተጀመረው ይህ ሥራ፣ የቢል እና ሜሊንዳ ጌትስ ፋውንዴሽንን ጨምሮ በበጎ አድራጎት ድርጅቶች ገንዘብ የተደገፈ ነው።

ኮዱ በነጻ የሚሰጥ ከሆነ የሚጽፉትና የሚጠብቁት ባለሙያዎች በምን ይተዳደራሉ የሚለው ጥያቄ ችላ ሲባል የሚያስከትለው አደጋ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 በግልጽ ታይቷል። በኢንተርኔት የሚተላለፍን መረጃ ለማመስጠር በመላው ዓለም የሚያገለግለው ኦፕን ኤስ.ኤስ.ኤል. የተባለ ነጻ ሶፍትዌር፣ የይለፍ ቃልንና ሌሎች ምስጢሮችን ለአጥቂዎች አሳልፎ ሊሰጥ የሚችል ስሕተት ተገኘበት። «ሃርትብሊድ» የተሰኘው ይህ ስሕተት ለሁለት ዓመታት ያህል ሳይታወቅ ቆይቷል። በወቅቱ ታላላቅ ኩባንያዎች የሚገለገሉበት ይህ ሶፍትዌር በዓመት የሚያገኘው ልገሳ 2,000 ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ሙሉ ጊዜውን ለሥራው የሰጠው ባለሙያም አንድ ብቻ ነበር። ኩባንያዎቹ በሊኑክስ ፋውንዴሽን አስተባባሪነት ገንዘብ አዋጥተው ለሁለት የሙሉ ጊዜ ባለሙያዎች ደመወዝ መክፈል የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚህ መረዳት የሚቻለው ኮዱ ለሁሉም ክፍት መሆኑ ብቻውን የደኅንነት ዋስትና እንደማይሆን ነው። ሁሉም ሊያየው የሚችለውን ኮድ በኃላፊነት የሚከታተል ሰው ሊመደብለት ይገባል።

ለባለሙያዎች የሚከፈልባቸው መንገዶች የተለያዩ ናቸው። እንደ ሬድ ሃት ያሉ ኩባንያዎች ኮዱን ክፍት አድርገው ገቢያቸውን ከድጋፍና ከጥገና አገልግሎት ያገኛሉ። የጀርመን መንግሥት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ለመሠረታዊ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌሮች የሚውል የመንግሥት ፈንድ አቋቁሟል። በኢትዮጵያ የጤና መረጃን ለማጠናቀር የሚያገለግለው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ማስተባበሪያነት የሚለማ ሲሆን፣ ወጪውም በዋናነት በልማት አጋሮች ይሸፈናል። ይህኛው መንገድ ለተጠቃሚ አገሮች ወጪ ቆጣቢ ቢሆንም፣ ድጋፉ በተቀነሰ ጊዜ ሥራውን የሚያስቀጥል የአገር ውስጥ ባለሙያ ከሌለ አገልግሎቱን ለአደጋ ያጋልጣል። በመሆኑም ከፈቃድ ክፍያ የሚድነው ገንዘብ ቢያንስ በከፊል ለባለሙያ ሥልጠናና ደመወዝ ካልዋለ ቁጠባው ዘላቂ አይሆንም።

በመጨረሻም ተገልጋዮች ሊገነዘቡት የሚገባ አንድ ነጥብ አለ። የሶፍትዌሩ ኮድ ክፍት ነው ማለት የተመዝጋቢዎች የግል መረጃ ክፍት ነው ማለት አይደለም። ኮዱ የአሠራሩ ንድፍ ሲሆን፣ የዜጎች መረጃ ግን ተለይቶ የሚቀመጥና አያያዙም በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የሚመራ ነው። ይህን መረጃ በአስተማማኝ ሁኔታ ለመጠበቅ ከሕጉ ጎን ለጎን ኮዱን በየጊዜው የሚፈትሽና የሚያርም፣ ለድካሙም ተገቢውን ክፍያ የሚያገኝ ባለሙያ ያስፈልጋል።