ለስንደዶና ለአክርማም ቦታ ይተውላቸው

መስከረም ሲጠባ ልጃገረዶች ስንደዶ ለመንቀል ወደ መስክ መውጣታቸው የቆየ ልማድ ነው። ስንደዶው ደርቆና ተሰንጥቆ ቀለም ሲነከር አለላ ይባላል። ሕፃኗ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ፣ ወስፌ ይዛ መጀመሪያ የምትሰፋው ሙዳይ አፉ ቢጣመምም ለአያቷ ስጦታ ይሆናል። እያደር ሰፌዱን፣ ኋላም መሶቡን ትለምዳለች። የተረፈው ገበያ ወጥቶ የጨውና የደብተር መግዣ ነው።

ዛሬ ግን በብዙ ቀበሌ የወል ግጦሹ እየታረሰ፣ ዳር ድንበሩም እየተገፋ በመሄዱ ሣሩ እየጠፋ ነው። እናቲቱ ሙያውን ለማስተማር ብትፈልግ በምን ታስተምር? የፕላስቲክ ሰፌድ ገዝታ ብትገባ ጥፋቱ የእርሷ አይደለም።

የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሆይ፣ የወል መሬት ጉዳይ በስብሰባ ሲነሳ የሚናገሩት አብዛኛውን ጊዜ አባወራዎች ናቸው፤ አክርማን የሚያስታውስ የለም። አክርማ እኮ ሥሩ አፈር የሚይዝ፣ ዓመት ከዓመት የሚያቆጠቁጥ ሣር ስለሆነ በእርከኑ ላይና በቦዩ ዳር ቢተከል የሚሻማው የእርሻ መሬት የለም። ለስንደዶው ደግሞ ከብት ሳይገባበት ሁለት ቅዳሜ መፍቀድ ይበቃል። ቅዳሜ ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ መስከረም የትምህርት ቤት መክፈቻ በመሆኑ ሴት ልጅን ከክፍል አስቀርቶ ሣር ማስነቀልን አንደግፍም። ወንዶቹም ቢሆኑ ለቡሄ ጅራፍ መግመድ ካወቁ ስንደዶ መንቀል አያቅታቸውም።